ከግንዱ ላይ፣ ከግንዱ ስር

ዘበነ ሰቆጣ ዙሪያ ሃያ ዓመት ያህል ግንድ እየሰነጠቀ ጣውላ ሲያወጣ ኖረ። መጋዙ የሁለት ሰው ነው። ግንዱ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ላዩ ላይ ቆሞ በከሰል የተሰመረውን መስመር እያየ መጋዙን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው ከስር ሆኖ ወደ ታች ይስባል። ከላይ የሚቆመው ታላቅ ወንድሙ ምትኩ ነበር። የጥዱ ብናኝ የሚወርደው ዘበነ ዓይን ላይ ነው። አንድም ቀን "ቦታ እንለዋወጥ" አላለም፤ ታላቁ ነውና። ምትኩም አልጠየቀውም።

በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ምትኩ በምች ሞተ። ለቤተ ክርስቲያን በር የታዘዘው ግንድ ገና አልተጋመሰም። ዘበነ ሰው ፈለገ፤ ሁሉም መከር ላይ ነው።

"እኔ እወጣለሁ" አለችው ሚስቱ ወለተ ሚካኤል።

"ሴት ግንድ ላይ?"

"ዓይንዎ ደክሟል፣ መስመሩን እርስዎ አያዩትም። መሳቡን ግን ክንድዎ ያውቀዋል።"

በማግስቱ ቀሚሷን በመቀነቷ ሰብስባ ወጣች። መጋዙ እንጨቱ ውስጥ እየተያዘ አስቸገራት።

"አትጫኚው" አላት ከስር። "አንቺ አንሺው፣ ምሪው። መቁረጡ የእኔ ነው።"

ወሬው አባ ገብረ አምላክ ዘንድ ደረሰ። የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ተቆጥተው መጡ።

"የቤተ ክርስቲያን በር በሴት እጅ?"

"አባቴ፣ መጀመሪያ ከስር ያለውን ሰው ዓይን ይዩልኝ" አለች፣ ሳትወርድ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ዘበነ ድምፃቸው ወደመጣበት ዞሮ እጅ ነሳ፤ ግን የተመለከተው የቆጡን ምሰሶ ነበር። ቄሱ "በርቱ" ብለው ሄዱ።

በሩ ለአስተርእዮ ማርያም ተገጠመ። ከዚያ በኋላም ሰባት ዓመት እንዲሁ ሠሩ። ማታ ማታ ክንዷ አልነሳ ስለሚላት ፀጉሯን ጎረቤት ትሠራላት ነበር። የዘበነ ዓይን ጨርሶ ጠፋ።

"ዛሬ እንኳ እኔ ከስር ልሁን" አለችው አንድ ቀን።

"ተይው። መስመሩን ማን ያያል? ደግሞስ ከእንግዲህ ብናኙ ከእኔ ምን ይወስዳል?"

በስምንተኛው ዓመት ትከሻዋ እምቢ አለ። መጋዙን ለአንድ አናጢ ሰጥተው ደሃና በሚባለው አገር ወንድሟ ቤት ገቡ። እዚያ በደረሱ ሰሞን የዓመታቱ ድካም ተጭኗቸው ሁለቱም ከአልጋ ሳይነሱ ብዙ ቀን ተኙ፤ የወንድሟ ሚስትም ሳትቀሰቅሳቸው ምግባቸውን ከራስጌያቸው ታስቀምጥላቸው ነበር።