በጣባው እግር ላይ ያለ የጥፍር ምልክት

ኢሶኖ ባሏ ኩመዞ በሠራቸው የሻይ ጣባዎች ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትስል፣ የጣባው ፊት በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም። እሱ ጭቃው ሳይደርቅ ጣባው በሚቆምበት እግር ላይ፣ በፊቱ በኩል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ያደርጋል፤ እሷ ምልክቱን ወደ ራሷ አዙራ ከበላዩ ትስላለች። ለፀደይ የቼሪ አበባ፣ ለመኸር ጤዛ ያዘለ ሣር። ስለ ሥራ የሚነጋገሩት በዚህ ብቻ ነበር።

ኩመዞ የዝናቡ ወር ሳያልቅ ሞተ። አንድ ጊዜ እሳት የቀመሰ፣ ገና ያልተሳለ አንድ ጣባ ብቻ ቀረ። ኢሶኖ እግሩን በጣቷ ዳበሰችው፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። ምልክት የለውም።

ጣባውን ያዘዘችው የሻይ ሥርዓት መምህርቷ ተሩዮ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ሣሩ ራሱ እስኪበቅልበት ነው የምንጠብቀው?»

«ፊቱ ጠፍቶኝ ነው፣ እትዬ።»

«ፊት ከሌለው እንግዳዬ ምኑን አክብሮ ያዞረዋል? ፊቱን ከከንፈሩ አርቆ በጀርባው በኩል አይደል የሚጠጣው። በይ አንቺ ምረጪለት። አንድ ቀን ብትመርጪ አይቆጣም።»

«እርስዎ እሱን አያውቁትም።»

ኢሶኖ ግን በመጨረሻ መረጠች። ነፋስ ያጎነበሰው ሣርና ሦስት ጠብታ ጤዛ ሳለች።

ጣባው ከሁለተኛው እሳት በወጣ ዕለት ተሩዮ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ኢሶኖ የእግሩን ሻካራ ልታለሰልስ ድንጋይ ይዛ ገለበጠችው። ጭቃው በእሳቱ ጠቁሮ፣ ፀጉር የምታክል ጭረት ብቅ ብላለች፤ የደከመ እጅ ምልክት። ከሣሩ ተቃራኒ፣ ልክ በጀርባው በኩል።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «እንግዳዎ ከንፈሩን የሚያሳርፈው ኩመዞ ፊት ብሎ ምልክት ባደረገበት በኩል ነው።»

ተሩዮ አጎንብሳ አየች። «ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«እግሩ ምንጣፌን ይቧጭረዋል። ዙሪያውን አለስልሺው» አለች ተሩዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ድንጋዩ ካለፈበት ጭረቷ እንደምትጠፋ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኢሶኖ ማለስለስ ጀመረች። ዙሪያውን ጨርሳ ጭረቷ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ድንጋዩን አስቀመጠች።

«ከዚህ አላልፍም። ካልፈለጉት ይተዉት።»

ተሩዮ ጣባውን ተቀብላ ሻካራዋን ቦታ በጣቷ ነካ አደረገች። «ምንጣፉም አርጅቷል» አለችና በጨርቅ ጠቀለለችው።

ተሩዮ ስትሄድ ኢሶኖ ብሩሿን አጠበች። ከዚያ የሚቀጥለውን ጣባ ለማውረድ እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች፤ ባዶውን እንጨት ነካች።