ቅቤ የተቀባች ልጅ

የሳይንስ ክበቡ ልጆች ከግራዋው ሥር፣ መምህራቸው ከአጥሩ በር ላይ፣ እኔ ከቀፎዎቼ ፊት ቆመናል። አንዲት ልጅ ብቻ ከበሩ ውጭ ቀርታለች። ከትምህርት መልስ ንብ ሊያዩ ቡሬ ካለው ግቢዬ መጥተው ነው። ንቡን ለማብረድ ኩበት ሳጨስ ሽታው የልጅነቴን አንድ ቀን አስታወሰኝ።

እኛንም መምህራችን እንዲሁ ከክፍል በኋላ ንብ ከሚያረቡ ሽማግሌ ዘንድ ወስደውን ነበር። እናቴ ለዓመት በዓል ራሴን ቅቤ ቀብታኝ ነበር። ሽማግሌው ገና ሲያዩኝ አስቆሙኝ።

"አንች ልጅ፣ እዚያው ሁኝ! ንብ ስምሽን አታውቅም፤ ሽታሽን ነው የምታውቅ።"

ወንዶቹ "ቅቤ ራስ!" እያሉ ሳቁ። የሽማግሌው ነገር በደንብ አልገባኝም፤ የቅቤውን ሽታ አስለቅቄ ቀፎው ሳይከፈት መድረስ እንዳለብኝ ግን ገባኝ። ወንዝ ወርጄ ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ሳሙና ለምኜ ራሴን ታጠብኩ። ውኃ እያንጠባጠብኩ ስመለስ ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና "መጣሽ? በይ ጭሱን ያዥ" አሉኝ። እናቴ ማታ ያለችኝን አልጽፈውም።

"እማማ፣ ይችኛዋ ቅቤ ተቀብታለች፤ ከውጭ ሆና ትመልከት" አለ የዛሬዎቹ ልጆች መምህር፣ ከበሩ ውጭ ወደቀረችው ልጅ እያመለከተ።

"ሳንመለስ ቀፎው አይከፈትም" አልኩት። ሳሙና አነሣሁና ልጅቱን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ።