እናቴ አልትራሳውንድ የተነሳች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ሰበታ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ጎኗን ያማታል፣ ሽንቷ ያቃጥላታል። ሐኪሙ አልትራሳውንድ አዘዘላትና ነርሷ ትልቅ የታሸገ ውኃ አስይዛ፣ "ጠጪ፤ ፊኛሽ ሲሞላ ንገሪኝ" አለቻት። ልጄ ስልኳን እየነካካች ጠጣች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ውኃው ሲጎድል አያለሁ። ይህችን ነገር ከዚህ በፊት አይቻታለሁ።

እናቴ ቡራዩ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። የጎጃም ሰው ናት፤ ኦሮምኛውን ከደንበኞቿ ለምዳ "አካም ቡልተኒ" ብላ እንዴት አደራችሁ ስትል ግን እዚያው የተወለደች ትመስላለች። ያኔ ገበያው ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልነበረውም። ወንዶቹ አጥር ጥግ ይቆማሉ፤ ማን ይናገራቸዋል? የሴቶቹ መላ አንድ ብቻ ነበር፣ ውኃ አለመጠጣት። እናቴ ዳቦና ቆሎ ቋጥራ በጠዋት ትወጣለች፤ በርበሬው ጉሮሮዋን እየከረከራት እስኪመሽ ትውላለች። አዲስ ሴት ገበያ ስትገባ መጀመሪያ የሚመክሯት ይህንኑ ነው፤ ጨዋ ሴት ትችላለች ይሏታል። እናቴም በመቻሏ ትኮራ ነበር። እኔም እኮራባት ነበር፣ ምን አውቄ።

ሰኔ ሲገባ ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት በላች፣ ፌጦ ጠጣች። ሕመሙ ሲብስባት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አልትራሳውንድ ተነሺ ብሎ አዲስ አበባ ላካት። ትምህርት ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና ይዣት ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ታክሲው አስኮ እስኪደርስ እየዘለለ ጎኗን ደግፋ አቃሰተች። መርካቶ አጠገብ ካለው ክሊኒክ ደርሰን ጆግ ሙሉ ውኃ ሰጧት።

"ይሄን ሁሉ በሳምንትም ጠጥቼ አላውቅ" አለችኝ፣ እየተናነቃት።

የሚያነሳው ባለሙያ ትሑት ወጣት ነበር። ቀዝቃዛውን ቅባት ጎኗ ላይ አድርጎ፣ "እናቴ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ" ይላታል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ለባሏ እንኳ በመብራት ሆዷን አሳይታ የምታውቅ ሴት አይደለችም።

"ቀኝ ኩላሊትዎ አብጧል" አላት። "አሁን ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሱ። ፊኛዎ ባዶ ሲሆን ደግሜ ማየት አለብኝ።"

ነጠላዋን እኔ ይዤላት ወጣች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች።

"ጨረሱ?"

"አዎ።"

ፊኛዋን ደግሞ አየና መሣሪያውን አስቀመጠ። ሄዶ አንድ ሸበት ያለ ሐኪም ይዞ መጣ። ሐኪሙ ራሱ አየና ፊኛዋ አሁንም ሙሉ ነው፣ ሽንቱ አልወጣ ብሎ ወደ ኩላሊቷ እየተመለሰ ነው አለ። ሽንቱን የሚያወጣ ቱቦ መግባት አለበት ብሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መራን። እኔ እንባዬ መጣ። እናቴ ነጠላዋን ከእጄ ወስዳ ተከናነበች። ስንመለስ በታክሲው ውስጥ የፊተኛውን ወንበር ብረት አንቃ ይዛ ጥርሷን ነክሳ ነበር የመጣችው፤ እኔ በድንጋጤ መስሎኝ እጇን አሻሽላታለሁ። ቤት እንደደረስን ወደ ጓሮ ሮጠች።

ክረምቱ በጭቅጭቅ አለቀ። ሆስፒታል እንሂድ ስላት ቱቦ አላስገባም ትላለች። ትሞቻለሽ ስላት፣ "ልሙታ፣ አንቺ ደግሞ" ትለኛለች። ሕመሙም ይመጣል ይሄዳል። ለቀቅ ሲያደርጋት በዝናብ ላስቲኳን ወጥራ ትሸጣለች፣ ያቺኑ ደረቅ ቆሎዋን እየቆረጠመች። እንዴት እንደተናደድኩባት አልነግራችሁም።

መስከረም ላይ ትኩሳት ጣላት። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ፊኛዬ ምንም የለው" አለችኝ። "ያን ቀን አልሸናሁም።"

የክሊኒኩ ሽንት ቤት ከተራ ጠባቂዎች አግዳሚ ፊት ለፊት ነው። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ኦቦ ደበላ፣ የቡራዩ እህል ነጋዴና የዘመናት ደንበኛዋ፣ ከአግዳሚው ተነሥቶ ሰላም አላት። ልጆቹን፣ ቤቱን፣ ገበያውን ሁሉ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ እሱ እያያት ያንን በር ከፍታ መግባት አልሆነላትም፤ ዞር ብላ ተመለሰች። ሸናሁ ያለችውን መልሳ አልሸናሁም ማለት ደግሞ ሞት ሆነባት።

በነጋታው ወደዚያው ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሽንት ቤቱ በር ላይ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩላት። ፊኛዋ ጥርግ ብሎ ባዶ ሆነ፤ ቱቦ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። የኩላሊቷን መውረጃ የዘጋው ጠጠር ነው። ሸበቶው ሐኪም ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየ። ሰኔ ላይ ቢሆን ጠጠሩን ብቻ እናወጣው ነበር፣ አሁን ግን ኩላሊቱ ሞቷል አለን። ውኃ ትጠጪ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቃት ቀና ብላ አየችው።

"ጠጥቼ የት ልሂድ?"

ኩላሊቷን አወጡት። ከዚያም በአንዱ ብዙ ዘመን ኖረች፤ ሐኪም ባለበት ግን ድጋሚ ቀና ብላ አላየችም። እኔ ይህን ታሪክ ስንቴ አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜም እናቴን ይሉኝታ ጎዳት ብዬ ነው የምጨርሰው፤ ሰሚውም ራሱን ይነቀንቃል።

ልጄ ከምርመራው ክፍል ወጣች። ኢንፌክሽን ነው፣ ኩላሊቷ ደህና ነው ተባለ። እግዜር ይመስገን አልኩ። "ውኃ በደንብ ጠጪ አሉኝ" አለች እየሳቀች።

"ፋብሪካ ስትውይ አትጠጪም እንዴ?" አልኳት። ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው።

"እማዬ ደግሞ። ለመውጣት ሱፐርቫይዘሩን ማስፈቀድ አለብኝ። 'አንቺ አሁንም?' ብሎ ሲጮህ ወንዱ ሁሉ ማሽኑን አቁሞ ያየኛል። ስለዚህ አንጠጣም። ሁላችንም እንደዚያ ነን።"

ከተነሣሁበት ወንበር መልሼ ተቀመጥኩ። ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን እናቴ ላይ ስጭን ነበር የኖርኩት። ሰኞ ፋብሪካው ድረስ አብሬሽ እመጣለሁ፣ ሰውዬውን አናግረዋለሁ አልኳት።

ልጄ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በናትሽ እማዬ፣ እንዳታሳፍሪኝ።"