ዋይስን በሞንታርቦ የገደልኩ ቀን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የመኪናው ባለቤት ሐጂ ዑመር ማይክራፎኑን ሰጡኝና መኪናው ጣሪያ ላይ ወደታሰረው ሞንታርቦ እያመለከቱ ደንቡን ነገሩኝ። ሠርግ ከሆነ ዘፈን ተከፍቶ መኪናው ይፈጥናል። ቀብር ከሆነ ዘፈን የለም። ሹፌሩ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል፤ እኔ የሟቹን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ ሰፈሩንና ደግነቱን በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በዓረብኛ እናገራለሁ። እንደ እኔ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግረው የመጡ ጓደኞቼ «ጥሩምባ ነፊው» ይሉኝ ጀመር። አልከፋኝም፤ እንጀራ ነው።

ዓመታት አለፉ። የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ ዋይስ የሚባል ዕጩ ሆዳን ከሚባለው አዲስ ሰፈር ወደ ሐጂ መጣ። ያደገው ካርቲዬ አራት በሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። ሆዳን ቤት ሠርቶ ከወጣ ወዲህ ግን የድሮ ሰፈሩን ብዙም አይረግጥም። ማንነቱንና የሚያምንበትን ለመራጩ እንድናስተዋውቅለት ፈለገ። የሚነበበውን ራሱ ጽፎት መጥቷል፤ ለጎረቤት ደራሽ፣ የሙት ልጅ አሳዳጊ፣ በሩን ለማንም የማይዘጋ ይላል።

ዘፈን እንክፈት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቆጣ አለ። ዘፋኝ አይደለሁም፣ ዝግ ብላችሁ ንዱ፣ በክብር ይሁን አለ። ሐጂም ደንበኛው ያለህን አድርግ አሉኝ።

ካርቲዬ አራት ገብተን ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጠራሁ። በሮች ተከፈቱ። ሰው ወዶታል ብዬ ደስ አለኝ። ደግነቱን ስዘረዝር ግን አንዲት ሴት እያለቀሰች ወደ እናቱ ቤት ስትሮጥ አየሁ። ሽማግሌዎች «ኢና ሊላሂ» እያሉ ተከተሏት። እኔ ሞተ አላልኩም። ግን ያ ሰፈር ለዓመታት ሞት ሲረዳ የኖረው በእኔ ድምፅ፣ በዚያ አካሄድ ነው። ማይክራፎኑ ከእጄ ወደቀ።

እናቱ እማማ ሞሚና ደም ብዛት አለባቸው። አንድ ነገር ቢሆኑ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ከመኪናው ወርጄ ሮጥኩ። በራሱ መኪና ሲከተለን የነበረው ዋይስም አብሮኝ ሮጠ። ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ።

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሟቹ በር ላይ ሲቆም ልቅሶው ቀጥ አለ፤ አንዷ ጎረቤት ራሷን ሳተች። አንድ ሽማግሌ ሟርተኛ ብለው ሰደቡኝ። እማማ ሞሚና ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ድሬዳዋ ስላደጉ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው።

«ስሙን ስሰማ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ደግነቱን ስትቆጥር ግን ተረጋጋሁ። የሌላ ሰው ልጅ ነው አልኩ።»

ዋይስ የእናቱን አማርኛ ይሰማል። ፊቱ አመድ መሰለ። ሐጂ ያን ያህል ሰው ፊት እንዲህ ሲባል ሰምቶ ጥሎ ያልሄደ ደንበኛ ኖሯቸው አያውቅም። ዋይስ እናቱ አጠገብ ተቀመጠና ታዲያ ምን ይባል ብሎ ጠየቃቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ሰነፍ አይደለም በል። የሰው አይነካም በል። ሌላውን ሲያደርገው ትለዋለህ።»

በማግስቱ ዘፈን ከፍተን፣ ፈጠን ብለን እነዚያን ሁለቱን ብቻ ተናገርን። ሰው ሳቀ፤ ግን ሰማ። ዋይስ በዚያ ምርጫ አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ብዙ ዕጩ አስተዋውቄያለሁ። የሚነበበውን መጀመሪያ ለእናቱ አነብ ነበር። እናት ከሌለችው ለጎረቤቱ።