የመቻራዋና የቦኬዋ ታራንቱላ

ሰው ውሻ ሲያሳድግ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። እኔ ግን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ታራንቱላ በማኖሬ፣ ጭሮ ውስጥ ቤቴ የሚገባ ሁሉ ማብራሪያ ይፈልጋል። ታራንቱላ መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት ናት፤ ለእንግዳ አትጮህም፣ ለጌታዋም አታሽቃብጥም።

አንዷ ከመቻራ የመጣች ናት፤ እርጥብ አፈር ትወዳለች። ሌላዋ የቦኬ ናት፤ እርጥበት ከበዛባት ትሞታለች። የመቻራዋ ጥቁር፣ የቦኬዋ ቡናማ ስለነበሩ ዓይኔን አምኜ ኖርኩ።

አንድ ቀን አፈራቸውን ልቀይር ብዬ፣ አቧራ እንደለበሱ ከየሳጥናቸው ጉድጓድ አውጥቼ፣ ምልክት ሳላደርግ በሁለት የወተት ጣሳ ውስጥ አስገባኋቸው። በማግስቱ ራሳቸውን አጽድተው ሳገኛቸው ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የቦኬዋ እኔ ሳላይ ቡናማ ቆዳዋን በጥቁር ቀይራ ኖሯል፤ አሮጌውን ከአፈሩ ጋር ደፍቼዋለሁ። አሁን አንዷን በተሳሳተ ሳጥን ካስገባሁ መግደሌ ነው።

መጽሐፍ ገለጥኩ፤ ስልኬ ላይ ፎቶ አገላበጥኩ። ባነበብኩ ቁጥር ይበልጥ ተመሳሰሉብኝ።

ከሂርና ጫት እያመጡ የሚሸጡት ጎረቤቴ በዚህ መሃል ገቡ።

«አቦ፣ ምን አፍጥጠህ ታያቸዋለህ? ልታገባ ነው?»

ነገሩን አስረዳኋቸው።

«በቀለም ነበር የምትለያቸው? ጫት በቀለም የሚገዛ መንገደኛ ብቻ ነው። ውሃ ስንረጭበት የትናንቱም ያብረቀርቃል።»

«ታዲያ ምን ልይ?»

«ምን ታያለህ? ውሃ ርጭና እሷን ጠይቃት። አገሯን የምታውቀው እሷ!»

በአንድ ሰፊ ሳህን ግማሹን ደረቅ፣ ግማሹን እርጥብ አፈር አድርጌ በየተራ ለቀቅኳቸው። የመጀመሪያዋ እርጥቡ ላይ አፏን አስጠግታ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ እርጥቡን ስትነካ እግሮቿን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጫማዋ እንዳይጨቀይ እንደምትሳቀቅ ወይዘሮ ወደ ደረቁ ተሻገረች። ተጠራጣሪ ስለሆንኩ በማግስቱ ደገምኩት፤ ሁለቱም ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ወደየሳጥናቸው መለስኳቸው።

በሦስተኛው ቀን የቦኬዋ ደረቁን አፈር ቆፍራ ገባች። ለጎረቤቴ ስነግራቸው ሳቁ።

«ወላሂ፣ ብትሞትብህ ኖሮ ጥፋቱን በመጽሐፉ ነበር የምታላክከው።»

እውነታቸውን ነው፤ አላክክ ነበር።