ወይራው ሲግደረደር

ስብሰባ ላይ «ኧረ እኔ ይቅርብኝ፣ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል» የሚል ትልቅ ሰው ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ትሕትና ነው ይላሉ። የምን ትሕትና! ትሕትና መንደር ሲያስጠማ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ መንገድ በሚያሠራበት ዘመን፣ የመንደራችን ኑሮ በአንዲት ቦይ ላይ ነበር። ከሮቢ ወንዝ ተጠልፋ ትመጣለች፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ማሽላውንና በርበሬውን በተራ ያጠጣባታል። ተራውን የሚያካፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ ክረምት ሲወጣ ሾላው ሥር ተሰብስበው ይመርጡታል። ታዲያ ወግ አለ፤ የተመረጠ ሰው ወዲያው እሺ አይልም። «ሌላ ፈልጉ» ይላል፣ ይለመናል፣ ደግሞ እንቢ ይላል፣ ሽማግሌ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ነው የሚቀበለው። ቶሎ እሺ ያለ ስግብግብ ይባላል። አባቴ ስንት ዓመት የውሃ አባት ሲሆን በየዓመቱ እንደዚሁ እየተለመነ ነው።

በዚያ ዓመት ግን የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚውን ላከ። የጦር ሰፈሩ አትክልት ከቦያችን ሊጠጣ ነውና ተጠሪያችሁን አሁኑኑ ንገሩኝ ብሏል። ሰዉ አባቴን አለ። አባቴ እንደ ወጉ «ሌላ ፈልጉ» አለ። ሼህ ሰይድን አሉ፤ የአርጎባ ሰው ናቸው፣ የቦዩን ጠባይ ከአባቴ እኩል ያውቃሉ። እሳቸውም «እሱ እያለ እኔ?» ብለው ቁጭ አሉ። አስተርጓሚው ልመናውን የሚጠብቅበት ምን ትዕግሥት አለው? ያኔ ተሰማ የሚባል፣ ቦይ ሲጠረግ ወገቤን የሚል፣ ከጣሊያን ኩሽና ደጃፍ የማይጠፋ ሰው ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» አለ። በቃ፣ እሱ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው ቀን ከሌት ለጣሊያን ሰላጣ ሆነ። የእኛ ማሽላ ሊያሸት ሲል ቅጠሉ ተጠቀለለ። ሰዉ ምን ያደርጋል? ተሰማን ያማል። አባቴም ጭምር!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ከመጽሐፈ መሳፍንት አስተማሩ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ፤ ወይራው ዘይቴን ትቼ አልነግሥም አለ፣ በለሱም ወይኑም የየራሳቸውን ምክንያት አመጡ። እሾህ ግን ኑና ከጥላዬ ሥር ተጠለሉ አለ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ «እሾህስ ተሰማ ነው» ተባባለ።

እናቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች፤ ባሏን በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት። «እሾሁን አትስደቡት» አለች፤ «እሱ እሾህነቱን ነው ያደረገው። እኔ የምጠይቀው ወይራውን ነው። አንቱ እስኪለመኑ ድረስ ልጆችዎ ምን ይብሉ?»

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ከደጀ ሰላሙ በቀጥታ ሼህ ሰይድ ቤት ሄደ። ከዚያ በኋላ ቦዩ በደለል ሲደፈን ተሰማ ሰዉን ለጠረጋ ቢጠራ አንድም የወጣ የለም፤ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ወገን። የጣሊያንም ሰላጣ ጠወለገ። አስተርጓሚው ወታደር አስከትሎ ሾላው ሥር መጣና ሰዉን ማን ከለከለ ብሎ ጮኸ።

ያ ዘወትር የሚለመነው አባቴ ማንም ሳይለምነው ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ።

ሼህ ሰይድም ከጎኑ ቆመው «እኔም ነኝ» አሉ።

ሁለቱንም እዚያው ገረፏቸው። ግን ያለ እነሱ ቃል አካፋ የሚያነሣ ሰው ስለጠፋ፣ ሹሙ ሳይወድ በግዱ ተራችንን መለሰ። ከማሽላው የተረፈው ግማሹ ነው፤ እሱንም ተመስገን ብለን በላን።

ባለፈው እሑድ እድራችን መሪ ሊመርጥ ተቀምጦ ነበር። የተማረው፣ የተከበረው ሁሉ «ይቅርብኝ» እያለ መሬት መሬት ያያል። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ዓይን አውጣ ሊነሣ ሲቁነጠነጥ አየሁት። ከዘራዬን ተደግፌ ቀደምኩት፤ «ማንም እንዳይለምነኝ፣ እኔ አለሁ» አልኩ። በዚህ ዕድሜዋ ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! የአባቴን ጀርባ ለብ ባለ ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም።