ማንም የማይፈልገው ጠመንጃ

የቤታችንን ጠመንጃ የመረጥሁት እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይይዛሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ ባለቤቴን እያዩ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር አልነበረም። ፈርቼ ነው የመረጥሁት።

ነገሩ የመጣው በጎረቤታችን በሬዎች ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል ነው ያለው። ከኛ በታች ያለው ሸለቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ወደዚያ የተነዳ ከብት ተመልሶ አይታይም። ያን ሰሞን መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ ስልኩም እንደዚያው፤ ቢጮኹ የሚደርስ የለም። ሌቦች የጎረቤታችንን ጥማድ በሬ በጠራራ ፀሐይ ከግጦሽ ላይ ነዱበት። ነጂዎቹ ክላሽ ይዘዋል፣ እሱ የያዘው ዱላ ነው።

«ዞር በል አሉኝ፤ ዞር አልሁ» አለን። እኛም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከቤቱ ሄደን ተቀመጥን። ሚስቱ ቀንበሩን ከደጅ አንስታ ወደ ጓዳ ስታስገባ አየኋት። እንዳያየው ብላ ነው።

ስንመለስ ባለቤቴ መንገድ ላይ ቆመና፣ «ክላሽ እገዛለሁ» አለ።

«በምን?»

«በበሬዎቹ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሬውን ሸጠህ ምኑን ልትጠብቅበት ነው?»

«አንቺንና ልጅሽን።»

ሴቶቹ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረልኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና መሙላቱ። ከኛ ማዶ ካለው መንደር ክላሽ የነበረው አንድ ቤት አውቃለሁ። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች መጥተው «መሣሪያውን ስጡን» አሉ። ሰጡ። ቀጥለው «መሣሪያ ያለ ያዥ ምን ያደርጋል?» አሉና የቤቱን ልጅ አስከትለው ሄዱ። እነማን እንደነበሩ አልጽፍም፤ ያን ጊዜም አልጠየቅሁም፣ እነማን ናቸው ብሎ መጠየቁ ራሱ ወገን መያዝ ነው። የልጁ እናት መካነ ሰላም ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ስትሸጥ የሰው ፊት አታይም። የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ እግሩን ነው የምታየው። ጫማውን የገዛችለት እሷ ስለሆነች በጫማው አውቀዋለሁ ብላ ነው።

እንግዲህ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። ጠመንጃ ከሌለን ባለቤቴ ከብት ሲጠብቅ አንድ ቀን ዞር በል ሲሉት ዞር አይልም፤ ጠባዩን አውቃለሁ። ጠመንጃ ካለን ደግሞ ልጄ በጠመንጃው ላይ እንደ ምራቂ ተጨምሮ ይሄዳል። ሌት ከቀን ይህን ሳገላብጥ የአጎቴ ጠመንጃ ትዝ አለኝ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጠመንጃው የአባታቸው ነበር። ልጅ ሆኜ ከግድግዳ ተሰቅሎ አየው ነበር፤ ርዝመቱ ያኔ ከኔ ይበልጣል፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ አውራ ጣቴን ይውጣል። ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀብኝ። በኋላ ግን በሬዎቹን መሸጡ እሱንም አስጨንቆት ኖሮ «ማየቱ አይከፋም» አለ። ታላቅ ወንድሙንም «መሣሪያ ያውቃሉ» ብሎ አስከተለ። ሦስታችን ሄድን።

አጎቴ ጠመንጃውን አውርደው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ከምላጩ ሥር እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ብረት አለው። እሱን ወደ ታች ሲጫኑት ጀርባው ይከፈታል፣ ጥይቱን በእጅ አንድ ያጎርሱታል፣ ብረቱን ወደ ላይ ሲመልሱት ግጥም ይላል። አንድ ተኩሶ እንደገና መክፈት ነው። ቀለሃው ሲወጣም አይጣልም፤ አጎቴ ባሩድ መልሰው ይሞሉታል።

የባለቤቴ ወንድም አገላብጠው አዩትና «ክላሽ ሠላሳውን ያንጣጣዋል። ይህ አንዴ አስሎ ነው የሚያርፈው» አሉ።

«አንዱ የደረሰበትን ጠይቀው» አሉ አጎቴ። «አባቴ ነብር የጣለበት ነው። ነብሩ አልተነሳም።»

«ዛሬ ነብር መምታት ክልክል ነው፣ አባቴ።»

«ሌባ መምታትም የተፈቀደ እንዳይመስልህ። ለማስፈራራት ነው እንጂ።»

ባለቤቴ ስለ ጥይቱ ጠየቀ፣ ስለ ርቀቱ ጠየቀ፣ ሰደፉ የተሰነጠቀበትን በጣቱ ዳበሰ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«አጎቴ፣ ይህን ጠመንጃ ሌላ ሰው ይፈልገዋል?»

«ማን ይፈልገዋል ልጄ? ጥይቱ ከየት ይገኛል? ቀጥቃጭ እንኳ ለማረሻ አልወሰደልኝም።»

«ቢያዩትስ፣ ከነያዡ ይወስዱታል?»

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ነገሩ ገባቸው። «ይህን ተሸክሞ የሚዘምት ልጅ የጓደኞቹ መሳቂያ ነው» አሉ።

«እንግዲያው የምፈልገው እሱን ነው» አልሁ።

ባለቤቴ አኩርፎ «አንቺ ከመረጥሽ አንቺ ሞክሪው» አለኝ። እምቢ የምል መስሎት ነው። አጎቴ ከደጅ አውጥተው ከድንጋይ ካብ ጀርባ አንበረከኩኝ። ብረቱ ዝጎ ስለሚይዝ ለሴት እጅ ይከብዳል፤ በመዳፌ አንዴ መትቼ በጉልበቴ እንድጫነው አሳዩኝ። ከማዶ ያለውን ነጭ ድንጋይ እያየሁ ቢስሚላህ ብዬ ሳብሁት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩን ነው፤ በጀርባዬ ወድቄያለሁ። ድምፁ ከገደል ገደል እየተመታ ሄዶ ሄዶ አልቆም አለ። ከአፋፉ ላይ ሣር ይነቅሉ የነበሩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እየጮሁ ቁልቁል ተንጠባጠቡ።

«መታችው?» አሉ የባለቤቴ ወንድም።

«ገደሉን አልሳተችም» አሉ አጎቴ።

ትከሻዬ ጠቁሮ ሰነበተ። አጎቴ ለዘመድ አልሸጥም ብለው እንዲያው በነፃ ሰጡን፤ በሬዎቹም ተረፉ። በሰሌን ጠቅልለን አምጥተን ከጎተራው ገብስ ውስጥ ከተትነው። ባለቤቴ «ማንም ካላወቀው ምኑን ያስፈራል?» ይለኛል። እኔ «የመጣ ጊዜ ይወቀው» እለዋለሁ። እሱም እውነት አለው። እኔ ግን ጎተራውን ባየሁ ቁጥር ሰው የተደበቀበት ይመስለኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ።

ከዚያ የባለቤቴ ወንድም ልጃቸውን ዳሩ። በኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጠመንጃ ያለው ዘመድ ይተኩስላታል። ጠመንጃ እያለው ያልተኮሰ ዘመድ ሙሽራዋን እንደናቀ፣ ደስታውን እንደሰሰተ ይቆጠርበታል፤ ለዓመታት ይነሳበታል። እኔ ይህን እያወቅሁ አላሰብሁትም። ከሌባ ደብቄው፣ ከታጣቂ ደብቄው፣ ከሰርግ መደበቅ ረሳሁ።

ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ወጣች። አንድ ሁለት ክላሽ ተንጣጣ። የባለቤቴ ወንድም ሰው በተሰበሰበበት መሃል ቆሙና ወደ ባለቤቴ ዞረው «ምነው ወንድሜ፣ ለኔ ልጅ ጊዜ ባሩዱ ረጠበ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። የባለቤቴ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ከዘመድ ሁሉ ይልቅ መተኮስ የሚገባው ወንድሟ ነው፤ ወንድም ስለሌላት የአጎቷ ልጅ ማለት የኔ ልጅ ነው። ባለቤቴ በዓይኑ ጠቀሰው። ልጄ ወደ ቤት ሮጠ። ከኋላው ሸሚዙን ያዝሁት፤ ሳቀና ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቆ ሄደ።

እርሳሱን አውጥተው ባሩዱን ብቻ ነው ያጎረሱት። ቢሆንም ሲተኩስ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። እልልታው ተቋረጠ፣ በቅሎዋ ተንገዳገደች፣ ክላሾቹም ያፈሩ ይመስል ዝም አሉ። ከዚያ እልልታው እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ሁሉም ልጄን ያቅፋል። እኔ የማየው ከወዲያ ማዶ በመንገዱ ላይ የቆሙትን ሰዎች ነበር፤ ቆመው ወደኛ ይጠቁማሉ።

በሚቀጥለው ገበያ ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። አንዱ ከባድ መሣሪያ ገባላቸው ይላል፣ ሌላው ሞርታር ነው ይላል። ሳቅሁ። ሽንኩርት ሻጯ ግን አልሳቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝና «ልጅሽን አሽሺው» አለችኝ። የገዛሁትን ሽንኩርት እዚያው ጥዬ ተመለስሁ።

ወዴት አሸሸዋለሁ? በአቀስታ በኩል ደሴ እልከው ብል መንገዱ ላይ ወጣት ከመኪና እየወረደ ይጠየቃል። ይህን ሳሰላስል እነሱ ቀደሙኝ።

ጧት ነው፤ ባቄላ አስጥቻለሁ። ባለቤቴ እርሻ ወርዷል፣ ልጄ ደጅ ሞፈር ይጠርባል። ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ታላቃቸው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ነው፤ ትንሹ ከልጄ አይበልጥም።

«እንዴት አደሩ እናታችን?»

«አልሐምዱሊላህ፤ እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?»

«እናንተ ቤት ትልቅ መሣሪያ አለ ብለውን ነው።»

ሄጄ ከጎተራው አወጣሁት። ገብስ እየረገፈበት ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ከዚያ ትንሹ በሳቅ ተንከተከተ። «አገሩን ያናወጠው ይኸ ነው?» ተቀብሎ ሊከፍተው ሞከረ። ብረቱን ሳበ፣ ገፋ፣ አልሆነም። ጓደኛውም ሞከረ። ታላቃቸው አልሳቀም፤ የሚያየው ልጄን ነው። ትከሻውን፣ እጁን፣ ቁመቱን ያያል። በሬ ገበያ ላይ ገዢ እንደዚያ ሲያይ አውቃለሁ።

«የተኮሰው ማን ነው?»

ልጄ አፉን ሲከፍት አየሁት። «እኔ ነኝ» አልሁ።

«እርስዎ?»

«እኔ። አጎቴ አስተምረውኝ። ወንዶቹ አይችሉትም።»

«እስኪ ይክፈቱት።»

ተቀበልሁት። ብረቱን በመዳፌ አንዴ መታሁ፣ በጉልበቴ ተጫንሁ፤ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ከውስጡ የወጣውን ባዶ ቀለሃ አጉርሼ መልሼ ገጠምሁት። ትንሹ ፉጨት አሰማ።

«ልጅዎስ አይተኩስም?» አለ ታላቃቸው።

ያን ጊዜ ያልሁትን ማለቴ ይሻል ነበር ወይስ አለማለቴ፣ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። «እሱማ ፈሪ ነው» አልሁ። «ጥይት ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ከጓዳ ነው የሚገባው። እኔን ሳይሆን አባቱን ነው የወጣ።» ትንሹ እንደገና ሳቀ፣ ልጄን እያየ። ልጄ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። አላህ ይስጠው፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ታላቃቸው ጠመንጃውን ከእጄ አልወሰደውም። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ «መልካም። በሚመጣው ሰርግ እንሰማዎታለን» አለ። «ድምፁን አሁን እናውቀዋለን።»

ከሄዱ በኋላ እዚያው ባቄላው ላይ ቁጭ አልሁ። ልጄ አላነሳኝም። ለብዙ ቀን አላናገረኝም፤ ምሳውን አባቱ ፊት ይበላና ይወጣል። ባለቤቴ ነገሩን ሲሰማ «በሕይወት አለ አይደል፣ ይኩርፍ» አለ። በሕይወት አለ። ግን የመንደሩ ወጣት ሁሉ ሰምቷል፤ ሲያልፍ ጆሯቸውን በእጃቸው ይይዙበታል።

በሬዎቹ የተነዱበት ጎረቤታችን ልጁን ሲድር እኔ ተጠራሁ። በወሬ ተኳሽ ሆኛለሁ፤ እምቢ ብል ውሸቴ ይወጣል፣ ልጄ ቢተኩስ ደግሞ ይባሱን። ጠመንጃውን ተሸክሜ ሜዳው ላይ ቆምሁ። ሴቶቹ እየሳቁ ክብ ሠሩ። ያረጀው የትከሻዬ ሕመም ገና ሳልተኩስ ተነሳብኝ። ብረቱን ተጫንሁ፣ ባሩዱን አጎረስሁ። ያን ጊዜ ከጎኔ ሰው ቆመ። ልጄ ነው። ፊቴን አያይም፣ ሰደፉን ያያል።

«እማ፣ ወደ ትከሻሽ አጥብቂው። ከላላ ይጥልሻል።»

አጠበቅሁት። ሲጮህ አልወደቅሁም፤ ልጄ በመዳፉ ጀርባዬን ደግፎኛል። ሰዉ እልል አለ። ጭሱ ሲገፈፍ ከማዶ ካለው ጋራ ራስ ላይ ሰዎች ተቀምጠው አየሁ፤ መሣሪያቸው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አይጠቁሙም፣ አይንቀሳቀሱም፤ ያዳምጣሉ።

የልጄን እጅ ከጀርባዬ አነሳሁና ከክቡ መሃል ወደ ሴቶቹ ገፋሁት። ብቻዬን ስተኩስ እንዲያዩኝ ብዬ ብረቱን በጉልበቴ ከፍቼ ወደ ባለቤቴ ዞርሁ።

«አንድ ጨምርልኝ» አልሁት።